ሚስክ ያልሆነው ሚስክ፤ የሽቶ ቀማሚው ዐብዱሰላም መንገድ

በረመዷን ሌሊቶች መስጊዳችን ገብቶ የሰገደ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ተራዊሕ ሊጀመር ሲል ሶፉ እየሞላ ይሄዳል። ከሰጋጆቹ አንዱ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ ያወጣና ከጎኑ የቆመውን ወንድሙን የእጅ ጀርባ አንድ ጊዜ ይቀባል። ያም ተቀብሎ ለቀጣዩ ያቀብላል። ብልቃጧ ሶፉን ዞራ ስትመለስ ግማሽ ሆናለች፤ ባለቤቷ ግን አይከፋውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱ በሐዲስ ስለተዘገበ፣ ሰጪውም ተቀባዩም ደስ ብሎት ነው።

በዘንድሮው ረመዷን የመጀመሪያ ሳምንት፣ አንድ ወጣት ከተራዊሕ በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ቀረበን። ቀን ቀን ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ በአንዲት ክፍሉ ውስጥ ዒጥር ይቀምማል። በረመዷን መጨረሻ ላይ ለዒድ የሚሸጠው ነገር የዓመቱን የቤት ኪራይ ግማሽ ያህል ይሸፍንለታል። እንዲህ አለን፦ «ሸይኽ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሚስክ ነው። እኔ ገዝቼ የማመጣው ግን የፋብሪካ ዘይት ነው። ሚስክ ብዬ ከጻፍኩበት ይሸጣል፤ እውነቱን ከጻፍኩ አጠገቤ ያለው ይሸጣል። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

ቶሎ አልመለስንለትም። በዚህ ጉዳይ እኛም ጥፋት አለብን። ከዓመታት በፊት በመስጊዳችን በር ላይ ዒጥር ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። «የሂማላያ ንጹሕ ሚስክ ነው» ይል ነበር። አንድ ብልቃጥ በስጦታ ሰጠን፤ ተቀብተን ወደድነው። በዚያው ሳምንት በጁምዓ ኹጥባ ስለ ሚስክ ደረጃ ስንናገር፣ አፋችን ቀድሞን «ይኸው በራችን ላይ አለላችሁ» አልን። ያን ቀን ሰውየው ይዞት የመጣው ሁሉ አልቆ ወደ ቤቱ ገባ። በኋላ በሽቶ ንግድ የቆየ አንድ ዘመዳችን አሽትቶት ሳቀ። «ይህ እኮ በሊትር የሚሸጠው ነው» አለን። ሰውየው ቦታውን ለቆ ሄደ። እኛም ዝም አልን፤ ኹጥባውን አላረምነውም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እናብራራ። እውነተኛው ሚስክ የሚገኘው በሂማላያና በመካከለኛው እስያ ተራሮች ከሚኖር የአጋዘን ዘመድ ነው። በወንዱ ሆድ ሥር ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቡናማ ፍርፋሪ ይሆናል። ለዚህች ከረጢት ሲባል እንስሳው ለብዙ ዘመን ሲታደን ስለኖረ ዛሬ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተገደበ ነው። በገበያችን «ነጭ ሚስክ» እየተባለ የሚሸጠው ከዚህ እንስሳ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ባውር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የፈንጂ ቅመም ሲያጠና ሳያስበው ሚስክ ሚስክ የሚል ነገር ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ዓይነቶች ተፈልስፈዋል፤ ዛሬ በሳሙና፣ በልብስ ማጠቢያና በሽቶ ውስጥ «ሚስክ» የምንለው የእነርሱ ልጅ ነው። ሐራም ነው ማለታችን አይደለም። ስሙ የሌላ ነው ማለታችን ነው።

ማጭበርበሩ ደግሞ የዛሬ ብቻ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ቅመማና ስለ ማጣራት በጻፈው ኪታቡ ከመቶ በላይ አሠራሮችን አስፍሯል፤ ሚስክን የሚያስመስሉ አሠራሮችም በመካከላቸው አሉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለገበያ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ የጻፈው አሽ-ሸይዘሪም ስለ ዐጧሮች ማለትም ስለ ሽቶና ቅመም ሻጮች ማታለያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ መድቧል። ከዚህ ቀደም ኪታቡን ስናገላብጥ ያንን ምዕራፍ እየሳቅን አልፈነው ነበር። ወጣቱ ከጠየቀን በኋላ ስንመለስበት ሳቁ አልመጣልንም።

ለወጣቱ በዚያች ሌሊት የነገርነው ስለ ሌላ ዐጧር ነው። በጣሊያን አገር፣ ሪሚኒ ከተማ አቅራቢያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ ዐብዱሰላም ዐጧር የሚባል ሽቶ ቀማሚ አለ። የትውልድ ስሙ ዶሚኒክ ዱብራና ነው፤ ፈረንሳዊ ሲሆን እስልምናን የተቀበለ ሰው ነው። «ዐጧር» የሙያ ስም ነው። ታላቁ የፋርስ ባለቅኔ ፈሪዱዲን ዐጧርም ይህን ስም ያገኘው ከሽቶና ከመድኃኒት ቅመማ ሥራው ነው። ዐብዱሰላም የሥራውን ስም በጣሊያንኛ «ላ ቪያ ዴል ፕሮፉሞ» ብሎታል፤ የሽቶ መንገድ ማለት ነው። ዐረብኛ ለሚያውቅ ሰው «ጦሪቅ» የሚለው ቃል ወዲያው ጆሮው ላይ ይደውላል።

ይህን ሰው የተለየ የሚያደርገው ሙያውን የተማረበት መንገድ ነው። የዓለምን ሽቶ በአብዛኛው የሚሠሩት ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው፤ ጂቫውዳን፣ ሲምራይዝና የመሳሰሉት። በጠርሙሱ ላይ ስሙ የተጻፈው የፋሽን ቤት «ለወጣት ሴቶች፣ ለበጋ፣ በዚህ ዋጋ» ብሎ ያዝዛል፤ በኩባንያው ውስጥ ያሉ ቀማሚዎች ተወዳድረው ያቀርባሉ፤ ገዢዎች እንዲያሸቱት ተደርጎ ይመረጣል። ቀማሚው ብዙ ጊዜ ስሙ አይታወቅም። እነዚህ ቀማሚዎች ትልቅ ባለሙያዎች ናቸው፤ በፈረንሳይ በቬርሳይ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን ዓይነት ትምህርት ቤት ገብተው፣ ከዚያም ለዓመታት በረዳትነት ሠርተው የሚወጡ ናቸው። ዐብዱሰላም በዚህ በር አልገባም። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። ቁሱን ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይቀምማል፣ በራሱ ስም ይሸጣል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ሽቶም በትእዛዝ ይሠራል። ያወቀውንም አልደበቀም፤ ለጀማሪዎች ኮርስ ይሰጣል።

ሁለተኛው ልዩነቱ በተፈጥሮ ቁስ ብቻ መሥራቱ ነው። አበባ፣ ቅጠል፣ ሥር፣ እንጨት፣ ሙጫ፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገርም አለ፤ በፋብሪካ የተፈለሰፈ ሽታ ግን አይገባበትም። ይህ ለአፍ ቀላል ነው፤ ለእጅ ግን ከባድ ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ወደ 4 ሺህ ኪሎ የሚጠጋ አበባ፣ ያውም ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ የተለቀመ ያስፈልጋል። የዘንድሮው ጽጌረዳ ደግሞ የአምናውን አይመስልም፤ ዝናቡ ይለያል፣ አፈሩ ይለያል። ፋብሪካ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሽታ ይሰጣል። በተፈጥሮ ቁስ የሚሠራ ሰው ግን እንደ ቡና አፍሊ እናት ነው፤ ቡናው በተቀየረ ቁጥር በአፍንጫዋ ቆልታ ልኩን ታገኛለች።

ሽቶ በጊዜ የሚነበብ ነገር ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ቶሎ ይመጣና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። አበባው ለሰዓታት ይቆያል። ከታች ያለው ሙጫው፣ ዑዱ፣ ሰንደሉ ደግሞ እስከ ማግስቱ በልብስ ላይ ይገኛል። ቀማሚው ይህን ሁሉ በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ሲያስገባ መጀመሪያ የሚሸተተውንና ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚቀረውን አብሮ ማሰብ አለበት። ቀላቅሎም አይጨርስም፤ ለሳምንታት አስቀምጦ ሽታዎቹ እርስ በርስ እስኪዋሐዱ ይጠብቃል። አንድ ጠብታ ከበዛ ሁሉም ይበላሻል፤ መልሶ ማውጣት የለም።

ይህን ስናነብ የሒፍዝ ዘመናችን ትዝ አለን። ደረሳ ሳለን ሸይኻችን ከአንድ ገጽ ሳያሳልፉን ሳምንት የሚያስቀምጡን ጊዜ ነበር። ሽቶ ቀማሚም የሚጀምረው እንዲሁ ነው ይባላል፤ ከመቀላቀሉ በፊት በመቶ የሚቆጠሩ ሽታዎችን አንድ በአንድ በወረቀት ቁራጭ ላይ እያሸተተ፣ ጠዋት እየደገመ፣ ማታ እየደገመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስማቸውን እስኪጠራ ድረስ በአፍንጫው ይሐፍዛል። ወጣቱ ይህን ስንነግረው ፈገግ አለ፤ «እኔ እስከ ሠላሳ ደርሻለሁ» አለን።

ከዐብዱሰላም ሥራዎች መካከል «የመካ በለሳን» የሚል ስም የሰጠው አንዱ ነው፤ መነሻውም የመካ ጉዞው ነው። እጣንና ላብዳነም የሚባል ሙጫ ይገኙበታል። ላብዳነም በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሚገኝ ነው፤ በድሮ ዘመን በቆጵሮስና በቀርጤስ ደሴቶች ቁጥቋጦው መሐል ሲግጡ ከዋሉ ፍየሎች ጢም ላይ በማበጠሪያ ይለቀም ነበር። የመካ በለሳን የሚለው ስም ራሱ ጥንታዊ ነው። ዐረቦች በለሳን የሚሉት ዛፍ ከርቤ የምናገኝበት ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከርቤው ደግሞ በሶማሌና በቦረና በኩል ባለው ደረቅ አገራችን ይበቅላል።

ሐጅ ወይም ዑምራ ያደረጋችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ኢሕራም ያደረገ ሰው ሽቶ አይቀባም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢያችንን ኢሕራም ከማሰራቸው በፊትና ከኢሕራም ከወጡ በኋላ ሽቶ ትቀባቸው እንደነበር ተዘግቧል፤ በመካከል ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ሽቶ ቀማሚም ቢሆን መካ ሲደርስ ሙያውን ከበር ውጭ ጥሎ ነው የሚገባው። በዙሪያው ግን ከዕባ በዑድና በጽጌረዳ ውሃ ይታጠናል፣ ይታጠባል። ሑጃጁ በራሱ ላይ አንዳች ሽታ ሳይኖረው የቤቱን ሽታ ይዞ ይመለሳል። እኛ ከሐጅ ስንመለስ እናታችን ኢሕራማችንን አንስተው አሸተቱትና «ይህን አታጥቡት» ያሉን ለዚህ ነበር።

ሌላ ሽቶው «ተስኒም» ይባላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት እንወዳለን። ተስኒም በሱረቱል ሙጦፊፊን የተጠቀሰ የጀነት ምንጭ ነው። ከእርሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ለበጎ ሠሪዎች የሚቀርበው መጠጥ ማሸጊያው ሚስክ መሆኑ ተነግሯል። ሱራው የሚጀምረው ግን በማን ነው? በሚዛንና በስፍር በሚያጎድሉ ነጋዴዎች ላይ በወረደ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን ሱራ በልጅነታችን ሐፍዘን፣ ስንት ጊዜ በሶላት ቀርተነዋል። ሚስክና ስፍር አጉዳይ በአንድ ሱራ ውስጥ መቀመጣቸውን ግን ልብ ያልነው ወጣቱ ከጠየቀን በኋላ ነው። ያን ሌሊት ሱራውን አንድ ላይ ከፍተን አነበብነው። ወጣቱ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጣቱን አድርጎ ብዙ ቆየ።

በዐብዱሰላም ሥራ ውስጥ እኛን በቅርብ የሚነካን ከእንስሳ የሚገኘው ቁስ ነው። ምክንያቱ ቤታችን ነው። ያደግነው በጅማ ገጠር ነው፤ አባታችንም ጥርኝ ያረቡ ነበር። ከቤታችን ጀርባ በጭስ የጠቆረ ጎጆ ነበረ፤ በውስጡ ከእንጨት የተሠሩ ጠባብ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው አንድ ወንድ ጥርኝ አለ። ሳጥኑ ጠባብ የሆነው እንስሳው ዞሮ እንዳይነክስ ነው። በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑ ሁለት ሰው ይይዘዋል፣ አንዱ ከጅራቱ ሥር ያለችውን ዕጢ ገልጦ ዝባዱን በማንኪያ ይጠርጋል። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ተሞልቶ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ለአውሮፓ ሽቶ ቤቶች ይደርሳል። አገራችን በዚህ ንግድ በዓለም የታወቀች ናት፤ አርቢዎቹም በአብዛኛው ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው። የቁርኣን ቤት ልብሳችን፣ የመጀመሪያዎቹ ኪታቦቻችን የተገዙት በዝባድ ገንዘብ ነው።

በፊቅህ ዝባድ ጧሂር ነው። ኢማም ነወዊ በ«መጅሙዕ» ላይ ጉዳዩን አንስተውታል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩ አንዳንድ ዑለሞች ዝባድ የባሕር ድመት ወተት ነው ብለው ነበር፤ ነወዊ ግን ነገሩን ከሚያውቁ ታማኝ ሰዎች እንደሰሙ ጠቅሰው የየብስ እንስሳ መሆኑን፣ ዝባዱም እንደ ላብ መሆኑን ጻፉ። ጸጉር ከተቀላቀለበት ነው ጥያቄ የሚነሣው፤ ጥቂቱ ይቅር የተባለ ነው። ይህን በደረስነት ስናነብ ኮራን፤ ነወዊ ያላዩትን እኛ በቤታችን ጓሮ አይተነዋልና።

በዚያው ዓመት ግን ሌላ ሐዲስ አነበብን። ድመት ዘግታባት፣ ሳታበላት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለሞተችባት ሴት የተነገረው ነው። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ለአባታችን አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙን። «እኛ እኮ እናበላቸዋለን» አሉ። እውነት ነበር፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የበቆሎ ገንፎ በቅቤ ያበሏቸዋል፤ አንዳንዴ ከእኛ የተሻለ። ግን ሳጥኑ ውስጥ መዞር አይችሉም። ይህን ጨምረን ልንናገር ፈልገን አልተናገርንም፤ አባት ነዋ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ሳጥን ሲሰበር ጥርኙ አመለጠ፤ አባታችን ሳጥኑን አልጠገኑትም። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ዛሬ አብዛኛው የአውሮፓ ሽቶ ቤት ዝባድ አይገዛም። ቻኔል የተባለው የፈረንሳይ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በፋብሪካ ቅመም እንደተካው አሳውቋል። ዐብዱሰላም እንስሳ ሳይነካ የእንስሳ ሽታ ከሚሰጡ ቁሶች መካከል «የአፍሪካ ድንጋይ» የሚባለውን ይጠቀማል። ይህ ሽኮኮዎች በዓለት ሥር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሸኑበትና ሲጸዳዱበት ከኖሩት ቦታ የሚገኝ፣ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ነገር ነው። ማንም አይያዝም፣ ማንም አይታሰርም። ለአዛኝ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ለሻፊዒይ ግን ሌላ ጉድ አለበት፤ ሽኮኮ ሥጋው ሐላል ነው፣ ሽንቱ ግን በመዝሀባችን ነጃሳ ነው። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ሥጋው የሚበላ እንስሳን ሽንት ጧሂር ይሉታል። ያሠቃየ ቁስ ጧሂር ሆኖ፣ ያላሠቃየው ክርክር ውስጥ መግባቱ ፈገግ ያሰኘናል።

በአንድ ነገር ከዐብዱሰላም ጋር አንስማማም። የፋብሪካ ቅመምን ጨርሶ መተዉን እናከብራለን፤ ለሁሉም ሰው ሕግ ይሁን ቢባል ግን አንቀበልም። ያ ቅመም ባይኖር ኖሮ የሚስክ አጋዘን ዛሬ ላይኖር ይችል ነበር፤ ጥርኞችም በብዛት ሳጥን ውስጥ በዋሉ ነበር። እጣን ራሱ፣ የመተማና የቤኒሻንጉል ዛፎች ያለ ዕረፍት ሲበጡ እየደረቁ ነው። ተፈጥሮም ስፍር አለው።

ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁንን እዚህ ላይ በአጭሩ እንመልስ። በጾም ቀን ሽቶ መቀባት ጾም አያፈርስም፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ቀን ላይ መተው ይወደዳል። የበኹርን ጭስ ሆን ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ ግን ዑለሞች የተለያዩበት ስለሆነ፣ እናቶች ማጨሻውን ከመግሪብ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። አልኮል ያለበትን ርጭት በተመለከተ የተፈቀደም የተከለከለም ያሉ አሉ፤ ልቡ ያልረጋ ሰው የዘይት ዒጥር ይያዝ።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። የሰጠነው መልስ አጭር ነበር፦ «ያለውን ጻፍ»። ስለ ጎረቤቱ ሻጭ ግን መልስ አልነበረንም፤ ስለ ኪራዩም።

በሃያኛው ሌሊት ሦስት ብልቃጥ ይዞ መጣ። በአንዱ ላይ በእጁ «ነጭ ሽታ፤ በፋብሪካ ቅመም የተሠራ፤ ሚስክ አይደለም» ብሎ ጽፏል። በሌላው «ከርቤ፣ እጣን፣ የብርቱካን ልጣጭ»። ሦስተኛው ገና ስም የለውም፤ «አልተዋሐደም፤ ለዒድ ይደርሳል» አለን። ስንት እንደሸጠ ጠየቅነው። «አሥራ አንድ» አለ። «ጎረቤቴ ዛሬ ብቻ አርባ ሸጧል።»

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ሚንበር ላይ ወጥተን፣ ከዓመታት በፊት በዚሁ ቦታ ቆመን ሚስክ ነው ያልነው ሚስክ እንዳልነበረ፣ ባወቅን ጊዜም ዝም ማለታችንን ተናገርን። ገንዘቡን ያወጣ ሰው ካለ ከኪሳችን እንደምንከፍለው ጨመርን። ከሶላት በኋላ አንድም ሰው ገንዘብ አልጠየቀንም። አንድ አዛውንት ብቻ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡን፤ ከኮታቸው ውስጥ ያንኑ ብልቃጥ አወጡ፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ቀርታለች። «ለዒድ ለዒድ ብቻ እየተቀባሁ አቆየሁት» አሉን፤ «አሁን ምን ብዬ ልቀባው?»

ወጣቱን ጠራነውና አገናኘናቸው።